ቪዛው «እስከ 14-10» ይላል፣ ቀኑ ደግሞ 90 ነው ይላል፤ እማዬ መውጣት ያለባት መቼ ነው?

ማሂ ኦፈንባኽ
ነሐሴ 18፣ 2017፣ ከምሽቱ 2፡40

ሰላም የዚህ ቤት ሰዎች። ግራ ገብቶኝ ነው የምጽፈው፣ የምታውቁ እባካችሁ መልሱልኝ።

እማዬ ከአዲስ አበባ መጥታ እኔ ጋ ናት። ፍራንክፈርት የገባችው ጁላይ 2 ጠዋት ነው። ቪዛዋ ሸንገን ነው፣ በአንድ ቪዛ ብዙ የአውሮፓ አገር የሚያስገባው። ላዩ ላይ ያለውን እንዳለ ልገልብጥላችሁ፦ ከ02-07-25 እስከ 14-10-25፣ የመግቢያ ብዛት 1፣ የቆይታ ጊዜ 90 ቀን። የመመለሻ ቲኬቷን የቆረጥኩት ለኦክቶበር 2 ነው፣ ልክ ሦስት ወር ሲሞላት። ቲኬቱን የሸጠልኝ ልጅም ቪዛውን አይቶ «እስከ 14 ነው፣ እንዲያውም 12 ቀን ትርፍ አለሽ» አለኝ።

ዛሬ ከቅዳሴ ስንወጣ አንዲት እናት «ልጄ፣ ከ90 አንድ ቀን ካለፈ ሁለተኛ አያስገቧቸውም» ብለው አስደነገጡኝ። እማዬ ደግሞ በጣቷ ቆጥራ «ሰኔ 25 ገባሁ፣ ሦስት ወሬ መስከረም 25 ነው» ትላለች። ሦስት ሰው፣ ሦስት ቀን። የቱ ነው ትክክሉ? ቲኬት መቀየር በነፃ እንዳልሆነ ታውቃላችሁ።

ዶሮ ማነቂያ 77
ነሐሴ 18፣ ከምሽቱ 3፡05

አትጨናነቂ እህቴ። ቪዛው እስከ 14 ካለ እስከ 14 ነው። የተጻፈውን ቀን ማን ይሽረዋል? እኔ ራሴ ድሮ ሦስት ወር ሞልቼ፣ ከወር እስከ ወር ቆጥሬ ወጥቻለሁ፤ ማኅተም መትቶ «ጉተ ራይዘ» (መልካም ጉዞ) ብሎ ነው የሸኘኝ። እናትሽን በሰላም አጫውቻቸው።

ቆጣሪው (ካስል)
ነሐሴ 18፣ ከምሽቱ 4፡20

ማሂ፣ ቲኬቱን ቀይሪ። የእናትሽ የመጨረሻ ቀን ሴፕቴምበር 29 ነው። ዶሮ ማነቂያ ወንድሜ ይቅር በለኝና መልስህ ሰው ያስጠይቃል።

ቪዛው ላይ ሦስት ነገር ተጽፏል፣ ሦስቱም የየራሳቸው ሥራ አላቸው። «ከ... እስከ...» የሚለው በሩ ክፍት ሆኖ የሚቆይበት ጊዜ ነው። «90» የሚለው በሩን አልፈው ከገቡ በኋላ ውስጥ መቀመጥ የሚችሉት ቀን ነው። «1» የሚለው ደግሞ በሩን ስንት ጊዜ እንደሚያልፉ። ቀኑና በሩ ሲጣሉ ቀድሞ ያለቀው ይገዛል። የናትሽ 90 ቀን ከበሩ በፊት ያልቃል።

ታዲያ ለምን እስከ 14-10 ጻፉት? ከጁላይ 2 ጀምረሽ 90 ቀን ቁጠሪና 15 ጨምሪበት፣ ልክ ኦክቶበር 14 ላይ ትወድቂያለሽ። ያቺ 15 ቀን መግቢያቸው ቢዘገይ የምታገለግል መጠባበቂያ ናት። ጁላይ 12 ቢገቡ ኖሮ እስከ ኦክቶበር 9 መቀመጥ ይችሉ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ስለገቡ መጠባበቂያዋ አልነካቻቸውም፣ ቀርታለች።

አቆጣጠሩ፦ የገቡበት ቀን አንድ ተብሎ ይቆጠራል፣ የሚወጡበትም ይቆጠራል። ጁላይ ከ2 እስከ 31፣ 30 ቀን። ኦገስት 31፣ ሆነ 61። ሴፕቴምበር 29 ላይ 90 ሞላ። ኦክቶበር 2 ዘጠና ሦስተኛ ቀን ነው። ጁላይም ኦገስትም 31 ስለሆኑ ነው «ሦስት ወር» ያስጎመጀሽ።

የቄሱ ልጅ
ነሐሴ 18፣ ከምሽቱ 4፡51

የካስሉ ወንድሜ ትክክል ነው፣ ግን ለእናትየው ልከራከርላቸው። እሳቸው ሞኝ አይደሉም። በኛ አቆጣጠር ወር ሁሉ 30 ነው። ሦስት ወር ካልን 90 ቀን አልን ማለት ነው፣ ያለ አንድ ቀን ዝንፈት። ኅዳር 1 የገባ ሰው ጥር 30 ቢወጣ ልክ 90 ነው። እንዲያውም ለዚህ ሕግ ከፈረንጁ የኛ ወር ይሻላል።

እሳቸውን ያሳሳተቻቸው ጳጉሜ ናት። ቁጠሩ፦ ከሰኔ 25 እስከ 30፣ 6 ቀን። ሐምሌ 30፣ ነሐሴ 30፣ ጳጉሜ ዘንድሮ 5፣ ጠቅላላ 71። የቀረው 19። ስለዚህ የመጨረሻው ቀን መስከረም 19 ነው፣ እሱም ከሴፕቴምበር 29 ጋር አንድ ነው። ማሂ እህቴ፣ ደመራ መስከረም 16 ነው፣ መስቀል 17። ሁለቱንም እዚህ አክብረው ይሄዳሉ፣ ምን ጎደለ?

ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሰው 90 መቁጠር አያቅተውም ይል ነበር አባቴ። (ይህን ያለው ስለ ሸንገን አይደለም፣ እኔ ነኝ ያመጣሁት።)

ዶሮ ማነቂያ 77
ነሐሴ 18፣ ከምሽቱ 5፡10

እሺ 90 ይሁን። ግን እኔ በፈረንጅ 2012 ስመጣ ሦስት ወር ነበር። ማንም 90 ቁጠር አላለኝም። ሕልም አላየሁ መቼም!

ቆጣሪው (ካስል)
ነሐሴ 18፣ ከምሽቱ 5፡32

ሕልም አላየህም። ያኔ ሕጉ ራሱ «በስድስት ወር ውስጥ ሦስት ወር፣ መጀመሪያ ከተገባበት ቀን ጀምሮ» ነበር የሚለው። ከኦክቶበር 18፣ 2013 ጀምሮ ነው «በማንኛውም 180 ቀን ውስጥ 90 ቀን» ተብሎ የተለወጠው። ከዚያ በኋላ ወር የሚባል ነገር የለም፣ ቀን ብቻ ነው። አንተ የምታወራው ትክክለኛ ሕግ ነው፣ የሞተ ሕግ ነው እንጂ። የዚህን ያህል ሰው በየፌስቡኩ የሚጨቃጨቀው ግማሹ በድሮው ስለሚቆጥር ነው።

ማሂ ኦፈንባኽ
ነሐሴ 19፣ ከጠዋቱ 1፡15

እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ሌሊቱን አልተኛሁም። አንድ ጥያቄ ልጨምር፦ ሴፕቴምበር 29 ማታ የሚነሳ በረራ ቢሆንስ? አዲስ አበባ የምትደርሰው በ30 ጠዋት ነው። 91 ሆነብኝ ማለት ነው?

ሀና ፍራንክፈርት
ነሐሴ 19፣ ከጠዋቱ 2፡00

አይሆንም። የሚቆጠረው የፓስፖርት መቆጣጠሪያውን አልፈው ማኅተም የተመታላቸው ቀን ነው፣ አዲስ አበባ የደረሱበት አይደለም። መግቢያውም እንዲሁ ነው፤ ጁላይ 1 ማታ ከቦሌ ተነስተው ሊሆን ይችላል፣ ቆጠራው የጀመረው ፍራንክፈርት ማኅተም ከተመታበት ከ2 ነው። ፓስፖርታቸውን ክፈቺና እይው፦ «ዲ» ፊደል፣ የአውሮፕላን ሥዕል፣ ወደ ውስጥ የሚያመለክት ቀስት፣ ቀኑ።

ግን በ29 ማታ አታድርጊው። በረራው ቢሰረዝ ወይ ከእኩለ ሌሊት ቢያልፍ ለማን ትጮሂያለሽ? አንድ ሁለት ቀን ትርፍ ይዘሽ 27 ወይ 28 አድርጊው። በሌላ የሸንገን አገር በኩል የሚያልፍ ቲኬት ከሆነ ደግሞ የመውጫ ማኅተም የሚመታው ከሸንገን በሚወጡበት በመጨረሻው አየር ማረፊያ ነው፣ ያንንም አስቢበት።

ሌላው፦ ኢንሹራንሷን እይ። ለቪዛው ያስገባሽው የጉዞ ኢንሹራንስ (ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍነው) እስከ መቼ ነው? የኔ እናት የመጡ ጊዜ ኢንሹራንሱ ከቲኬቱ ሁለት ቀን ቀድሞ ሲያልቅ ያየሁት በአጋጣሚ ነው።

የቦሎኛው
ነሐሴ 19፣ ከጠዋቱ 3፡30

ሦስት ቀን ቢያልፍስ ምን ያደርጓታል ግን? ክፉ ሆኜ አይደለም፣ ማወቅ ፈልጌ ነው።

ሀና ፍራንክፈርት
ነሐሴ 19፣ ከጠዋቱ 4፡10

ጀርመን ውስጥ ያለ ፈቃድ መቆየት በወንጀል ሕግ የሚታይ ነገር ነው። በአየር ማረፊያ የፌዴራል ፖሊስ አስቀምጦ ሊጠይቃቸው፣ መዝገብ ሊከፍት፣ መቀጮ ሊያስከፍል፣ ሲብስም የመግቢያ እገዳ ሊጣል ይችላል። አንዳንዱ በሦስት ቀን ምንም ሳይባል ይወጣል፣ አልክድም። ዋናው ጉዳት ግን ቀጥሎ ቪዛ ሲጠየቅ ነው የሚመጣው። አሻራቸውና የቪዛ ታሪካቸው በጋራ መዝገብ አለ፣ የትኛውም የሸንገን ኤምባሲ ያየዋል። አንድ ጊዜ ቀኑን ያከበረች እናት ለቀጣዩ ማመልከቻ ትልቅ ምስክር አላት። ይህን በሦስት ቀን መሸጥ ነው የሚያሳዝነው።

አንቺም ማሂ ፈርመሻል አይደል? ለእናትሽ ወጪ ሙሉ ኃላፊነት እወስዳለሁ ብለሽ በውጭ ዜጎች ቢሮ የፈረምሽው የግዴታ መግለጫ አለ። እሱ ወረቀት ቪዛው ሲቃጠል አብሮ አይቃጠልም። መንግሥት ለሳቸው ወጪ ካወጣ ወዳንቺ ይመጣል።

ማሂ ኦፈንባኽ
ነሐሴ 19፣ ከጠዋቱ 4፡25

29 ዩሮ ከፍዬ ፈርሜያለሁ። የሥራ ደመወዜን ሦስት ወር ወረቀት አቅርቤ። አንብቤው ነበር ብል ግን ውሸት ነው።

የልጅ ልጅ ናፋቂ (ሲልቨር ስፕሪንግ)
ነሐሴ 19፣ ከቀኑ 10፡45

ልጆች፣ በእናት ስም ልግባ። እኔ የአሜሪካ ፓስፖርት ነው የያዝኩት፣ ቪዛ አልጠየቅም። ልጄ ስቶክሆልም ናት፣ ነፍሰ ጡር ናት። በማርች ከብዷት ስለነበር ሄጄ አብሬያት ቆይቻለሁ፣ ከማርች 10 እስከ ሜይ 8። አሁን ልትወልድ ነውና ሴፕቴምበር 1 ልገባ ነው። የልጄ ባል በኮምፒውተር አይቶ «60 ቀን ተጠቅመዋል፣ 30 ነው የቀረዎት፣ ሴፕቴምበር 30 ይወጣሉ» አለኝ። ሐኪሟ የሚለው በሴፕቴምበር 5 አካባቢ ነው። ወንድ ከሆነ ክርስትናው በ40 ነው፣ ሴት ከሆነች በ80። ሁለቱም ላይ ላልኖር ነው? ለአንድ ወር ከሆነስ ምን አረስኳት ይባላል!

ትዕግሥት ስቶክሆልም
ነሐሴ 19፣ ከቀኑ 11፡20

እማማ፣ እንኳን ለዚህ አበቃዎት። የልጅዎት ባል ያለው መቼም ትክክል ነው። 90 ሲቀነስ 60፣ 30። አሜሪካዊም ቢሆን ሕጉ አንድ ነው፣ ከቪዛ ነፃ መሆን ከቀን ነፃ አያደርግም። ሴፕቴምበር 30 ወጥተው ወደ ለንደን ጎራ ብለው ቢመለሱ እንዳልልዎት እሱም አይሠራም፣ የተቆጠረው ቀን ድንበር ስለተሻገሩ አይደመሰስም።

ቆጣሪው (ካስል)
ነሐሴ 19፣ ከምሽቱ 1፡15

ቆይ ቆይ። ስለ ለንደኑ ትዕግሥት ልክ ናት። ስለ 30ው ግን አይደለም። እማማ፣ እስከ ኖቬምበር 29 መቀመጥ ይችላሉ። ሙሉ 90 ቀን። ላስረዳ፣ እዚህ ላይ ሰው ሁሉ ይሳሳታል።

180 ቀኑ የተቸነከረ አይደለም፣ አብሮዎት ይሄዳል። ነጠላ ለብሰው ሲሄዱ ጫፉ ከኋላ እንደሚከተልዎት ነው። በየዕለቱ፣ በዚያ ዕለት ቆመው፣ ዛሬን ጨምሮ ወደ ኋላ 180 ቀን ያያሉ፤ በዚያ ውስጥ ሸንገን የኖሩበት ቀን ከ90 ካልበለጠ ያ ዕለት ደህና ነው። ከዚያ በፊት ያለው ከነጠላው ጫፍ ወድቋል፣ አይቆጠርም።

ሴፕቴምበር 1 ላይ ወደ ኋላ ሲያዩ ጫፉ ማርች 6 ላይ ነው። ስለዚህ የማርቹ 60 ቀን ሁሉ ይታያል፣ ከገቡበት ቀን ጋር 61። ሴፕቴምበር 5 ላይ 65 ይደርሳሉ። ሴፕቴምበር 6 ላይ ግን ጫፉ ማርች 11 ደረሰ፤ ማርች 10 ወደቀ። አንድ ቀን ጨመሩ፣ አንድ ቀን ወደቀ፣ አሁንም 65። በማግስቱ ማርች 11 ይወድቃል፣ አሁንም 65። እንዲህ እየሆነ እስከ ኖቬምበር 4 ድረስ 65 ላይ ይቆማል፣ ምክንያቱም ያኔ የሄዱት ሳያቋርጡ ነው፣ አሁንም የሚቀመጡት ሳያቋርጡ። ኖቬምበር 4 ላይ የመጨረሻው የሜይ 8 ቀን ወደቀ። ከዚያ ወዲህ ነው ቁጥሩ እንደገና የሚያድገው፣ ኖቬምበር 29 ላይ 90 ይሞላል። ኖቬምበር 30 ከዋሉ ያኔ ነው ያለፉት።

የልጅዎ ባል የተሳሳተው በገቡበት ቀን የቀረውን ቆጥሮ እዚያው ስላቆመ ነው። በዚያ ቀን 30 የቀረ ይመስላል፣ እውነት ነው፣ ግን አሮጌው ቀን እየወደቀ አዲስ ቦታ ይለቅቃል።

ትዕግሥት ስቶክሆልም
ነሐሴ 19፣ ከምሽቱ 2፡02

ወይ ጉድ! ስድስት ዓመት እዚህ ኖሬ እንዲህ አልገባኝም ነበር። የአውሮፓ ኮሚሽን ድረ ገጽ ላይ ማስያ አለ አይደል፣ አሁን እማማ ያሉትን ቀን አስገባሁበት፣ ኖቬምበር 29 ያለው ትክክል ነው። ይቅርታ እማማ፣ ላስለቅስዎት ነበር።

የልጅ ልጅ ናፋቂ (ሲልቨር ስፕሪንግ)
ነሐሴ 19፣ ከምሽቱ 2፡30

እልልልል! ካስል ያለኸው ልጄ፣ እጅህ ይባረክ። ሴፕቴምበር 5 ብትወልድ 40ው ኦክቶበር 14፣ 80ው ኖቬምበር 23 ነው፣ አሁን በወረቀት ጻፍኩት። ሴትም ትሁን ወንድ አለሁ ማለት ነው። ገንፎውን እኔ ነኝ የማገነፋው።

ቆጣሪው (ካስል)
ነሐሴ 19፣ ከምሽቱ 2፡44

አሜን እማማ። ሦስት ነገር ይያዙ፦ የማርቹን መግቢያና የሜዩን መውጫ ማኅተም የሚያሳየውን ገጽ በስልክ ፎቶ ያንሱት፣ ፖሊሱ እንደ ልጅዎ ባል ሊቆጥር ይችላልና ማስያው ያወጣውን ወረቀትም ያትሙ። ፓስፖርቱ ከወጡ በኋላ ቢያንስ ሦስት ወር የሚያገለግልና ከተሰጠ 10 ዓመት ያላለፈው ይሁን። ደግሞም አውሮፓ ለቪዛ አልባዎች የሚያዘጋጀው የቅድመ ፈቃድ ነገር፣ ኢቲያስ የሚሉት፣ ገና አልጀመረም፤ 2026 መጨረሻ ላይ ነው ያሉት፣ 20 ዩሮ ይሆናል ተብሏል። ዛሬ «ኢቲያስ ላውጣልዎት» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ካለ ይሸሹት።

የቦሎኛው
ነሐሴ 20፣ ከጠዋቱ 1፡50

እኔ የኢትዮጵያ ፓስፖርትና የጣሊያን ፐርሜሶ (የመኖሪያ ፈቃድ) ነው ያለኝ። እህቴ ኦፈንባኽ አጠገብ ናት፣ ማሂ ጎረቤት ሳትሆኝ አትቀሪም። ጣሊያን ውስጥ የኖርኩት ቀን ሁሉ ይቆጠርብኛል?

ሀና ፍራንክፈርት
ነሐሴ 20፣ ከጠዋቱ 2፡20

አይቆጠርም። ጣሊያን ቤትህ ነው። የሚቆጠረው በሌሎቹ የሸንገን አገሮች የዋልክበት ነው፣ በ180 ውስጥ 90። ፐርሜሶ ካርዱን ከፓስፖርቱ ጋር ይዘህ ተንቀሳቀስ። ጀርመን መጥቶ መሥራት ግን በዚህ አይፈቀድም፣ ለጥየቃ ነው። የጥገኝነት ጠያቂ ወረቀት ያለው ሰውም ይህ መብት የለውም፣ አንዳንዱ ልዩነቱን ሳያውቅ ባቡር ላይ ይያዛል።

ጉለሌ ልጅ
ነሐሴ 20፣ ከጠዋቱ 5፡05

ማሂ፣ ለእናትሽ መልቲፕል (ብዙ ጊዜ የሚያስገባውን) ጠይቀሽ ነበር? እኔ ለአባቴ ስጠይቅ ሲንግል (አንድ ጊዜ የሚያስገባውን) ብቻ ሰጡኝ። 60 ዓመታቸው ነው፣ ሁለቴ መጥተው ሁለቴም በቀናቸው ተመልሰዋል። ምን በደሉ?

ሀና ፍራንክፈርት
ነሐሴ 20፣ ከጠዋቱ 5፡40

አባትህ አይደሉም የበደሉት። በኤፕሪል 2024 የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በኢትዮጵያውያን ላይ የቪዛ ገደብ ወስኗል። ምክንያቱ መንግሥት፣ እዚህ ያለ ፈቃድ ያሉ ዜጎቹን መልሶ በመቀበል በቂ ትብብር አላደረገም የሚል ነው። መልቲፕል አይሰጥም፣ ሰነድ አያስቀሩልህም፣ መደበኛው የማስተናገጃ ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ከፍ አለ፣ ዲፕሎማቶች እንኳ በነፃ የሚያገኙት ቀርቷል። በመንግሥት ተቆጥተው እናትና አባት ቀጡ፣ እኔ እንደዚያ ነው የማየው። ክፍያውም በጁን 2024 ከ80 ወደ 90 ዩሮ አድጓል።

ከዚህ የተነሳ «1» የምትለዋን ቁጥር አክብሯት። ሲንግል የያዘ ሰው «ለሁለት ቀን ለንደን ዘመድ ጠይቀው ይምጡ» ቢባል ተመልሶ አይገባም፣ 60 ቀን ቢቀረውም። ስዊዘርላንድና ኖርዌይ ችግር የለም፣ ኅብረቱ ውስጥ ባይሆኑም ሸንገን ናቸው። አየርላንድና ቆጵሮስ ደግሞ ኅብረቱ ውስጥ ሆነው ሸንገን አይደሉም። ካርታው ራሱ ሰው ያደናግራል፣ 29 አገር ነው።

ሜሪላንድ ታክሲ
ነሐሴ 20፣ ከቀኑ 9፡30

እኛም ጋ ተመሳሳይ ጉድ አለ፣ ግን በተገላቢጦሽ። ከጁላይ 2025 ጀምሮ አሜሪካ ለኢትዮጵያ ፓስፖርት የምትሰጠው የጎብኚ ቪዛ ለሦስት ወር የሚያገለግል፣ ሲንግል ሆኗል። የባለቤቴ እናት ያንን ይዘው መጡና ቪዛው ሊያልቅ ነው ብለው ሻንጣ ማሰር ጀመሩ። እዚህ ቪዛው የሚያገለግለው ለመግባት ብቻ ነው። ስንት ጊዜ እንደሚቀመጡ የሚወስነው አየር ማረፊያ ላይ ያለው መኮንን የሚሰጣቸው ቀን፣ አይ-94 የሚባለው ነው። ብዙውን ጊዜ ስድስት ወር ይሰጣል። ኢንተርኔት ላይ ፓስፖርት ቁጥር አስገብቶ ማየት ይቻላል። ቪዛው ተቃጥሎ አይ-94 ካለ በሕግ ነው ያሉት።

አይ-94 ካለፈ ግን ቀልድ የለም። ከ180 ቀን በላይ አሳልፈው ቢወጡ ሦስት ዓመት እገዳ፣ ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነ አሥር ዓመት። ለማራዘም አይ-539 የሚባል ፎርም አለ፣ ቀኑ ሳያልፍ የሚገባ።

ዶሮ ማነቂያ 77
ነሐሴ 20፣ ከቀኑ 9፡48

ጀርመን ቪዛው ረዝሞ ቀኑ ያጥራል፣ አሜሪካ ቪዛው አጥሮ ቀኑ ይረዝማል። አሁን ገባኝ መሰለኝ። እኔን ግን ከምክር ሰጪነት አውጡኝ።

ሰላም ከቪየና
ነሐሴ 21፣ ከጠዋቱ 3፡00

የማራዘም ነገር ከተነሳ፦ ሸንገን ውስጥ ይራዘማል? አክስቴ ወድቀው እግራቸው ተሰብሯል፣ 12 ቀን ነው የቀራቸው። ሐኪሙ አውሮፕላን አይሳፈሩም ብሏል።

ሀና ፍራንክፈርት
ነሐሴ 21፣ ከጠዋቱ 3፡35

እግዜር ይማርልሽ። ይራዘማል፣ ግን ቀናቸው ሳያልቅ አሁኑኑ ሂጂ። ከአቅም በላይ የሆነ ነገር ወይም የሰብአዊነት ምክንያት፣ እንደ አክስትሽ ሕመም ያለ፣ ከተረጋገጠ ማራዘሙ በነፃ ነው። ከባድ የግል ምክንያት ከሆነ 30 ዩሮ ይከፈላል። የሐኪሙ ወረቀት ላይ «መጓዝ አይችሉም» የሚልና እስከ መቼ የሚል ቀን እንዲጻፍበት አድርጊ። «ሕመምተኛ ናቸው» ብቻ ብሎ የጻፈልን ሐኪም ሁለት ጊዜ አመላልሶናል። «ልጄ ትናፍቀኛለች» እና «መስቀል ደረሰ» ምክንያት አይደሉም፣ ማሂ አትሳቂ።

ማሂ ኦፈንባኽ
ነሐሴ 21፣ ከምሽቱ 1፡10

አልሳቅኩም፣ ልጠይቅ ነበር እንጂ። ቲኬቱን ወደ ሴፕቴምበር 28 ቀየርኩት። 110 ዩሮ ቅጣት። የሸጠልኝን ልጅ ስደውልለት «እኔ ቲኬት ሻጭ እንጂ ኤምባሲ አይደለሁም» አለኝ። በሸጠልኝ ቀን ግን ኤምባሲ ነበር።

ቆጣሪው (ካስል)
ነሐሴ 21፣ ከምሽቱ 1፡40

ጥሩ አደረግሽ። ከዚህ በኋላ እናቱን ለሚያመጣም ሰው ልንገር፦ ከኦክቶበር 12፣ 2025 ጀምሮ ማኅተም ቀስ በቀስ እየቀረ አሻራና የፊት ፎቶ የሚወስድ ማሽን ይተካል፤ በሁሉም ድንበር እስከ ኤፕሪል 10፣ 2026 ይጠናቀቃል ተብሏል። እስከ ዛሬ ፖሊሱ ማኅተም ፈልጎ፣ ገጽ ገልጦ፣ በጣቱ ቆጥሮ ነበር፤ ሰልፉ ሲረዝም ሳይቆጥር ያሳልፍም ነበር። ማሽኑ ግን ሰልፉ ረዘመ ብሎ ቆጠራውን አይተውም።

የልጅ ልጅ ናፋቂ (ሲልቨር ስፕሪንግ)
ጳጉሜ 3፣ ከቀኑ 8፡15

ልጆቼ፣ ለሩፋኤል ወለደች። ሴት ናት። 80 ማለት ነው። ኖቬምበር 26 ላይ ይወድቃል፣ 29ን አያልፍም። ቀኑን ሁለቴ ቆጥሬዋለሁ።

ማሂ ኦፈንባኽ
መስከረም 20፣ 2018፣ ከጠዋቱ 4፡00

እንኳን ማርያም ማረቻት እማማ፣ ዘግይቼም ቢሆን!

እማዬም በሰላም ገብታለች። ደመራውን አይታ፣ በመስቀል ዕለት ዕጣኑን ተቀብላ፣ በማግስቱ እሁድ ማታ ሄደች። ፖሊሱ ፓስፖርቷን ሲገልጥ እኔ ከመስታወቱ ወዲህ ቆሜ ነበር፣ ጣቱን እያንቀሳቀሰ ሲቆጥር አየሁት፣ እውነቴን ነው። ሰማንያ ዘጠኝ ላይ ማኅተሙን መታ። ቤት ገብታ ስትደውል ያለችኝን ልጻፍላችሁ፦ «እኔ ጳጉሜን ለጸሎት የተተወች መስላኝ ነበር፣ ፈረንጅ እሷንም ቆጥሮብኛል!»